የኮምፒውተር ጥልፍ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው?

ለምረቃ በሚሰጥ ፎጣ፣ ለክርስትና በሚገዛ የሕፃን ብርድ ልብስ ወይም ለሙሽሮች በሚበረከት የትራስ ልብስ ላይ የቅጠል ጉንጉን ተጠልፎ መሃሉ ላይ ስም ሲጻፍ ያየ ሰው ሥራውን ሁሉ ለማሽኑ መስጠት ይቀናዋል። ሥዕሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ጥልፉ ይወጣል ይባላል። ከዚህ እምነት ሌሎችም ይወለዳሉ፦ ክር በበዛ ቁጥር ጥልፉ ይጠነክራል፣ አንዱ ዲዛይን ለሁሉም መጠን ይሆናል፣ ማሽን የሠራው ስጦታ የሰው ልፋት የለበትም። ሁሉም የሚዘነጉት አንድ ነገር ነው። ማሽኑ መርፌውን የት እንደሚወጋ እንጂ ጨርቁ ሲወጋ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ያንን የሚያውቀው ሰው ነው።

ማሽኑ ሥዕል አያነብም። የሚያነበው መርፌው ከዚህ ነጥብ ወደዚያ ይሂድ፣ እዚህ ክሩ ይቆረጥ፣ እዚህ ቀለም ይቀየር የሚል የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። ሥዕሉን ወደዚህ ሰንሰለት የሚለውጠው ባለሙያ የእያንዳንዱ ቅጠል ክር በየት አቅጣጫ እንደሚተኛ፣ ከግንዱና ከቅጠሉ የቱ እንደሚቀድም፣ ከሚታየው ክር ስር ምን ዓይነት መያዣ ስፌት እንደሚገባ ይወስናል። ክሩ ተወጥሮ ስለሚሰፋ ጨርቁን በተኛበት አቅጣጫ ይሰበስበዋል፤ ስለዚህ ስክሪን ላይ ልክክ ያለ ክብ የነበረው ጉንጉን ጨርቅ ላይ ሞላላ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ባለሙያው ይህን አስቀድሞ አስቦ ቅጠሉን ከሥዕሉ ትንሽ አስፍቶ ያዘጋጃል። ጉንጉን ደግሞ ምሕረት የለውም። ተበትኖ በተጠለፈ አበባ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስህተት ማንም አያይም፤ የክብ መነሻና መድረሻ ግን ካልተገጣጠሙ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ክር ሲበዛ ጥልፍ ይጠነክራል የሚለው እምነት ደግሞ ብዙ ጨርቅ አበላሽቷል። በጥልፍ ማሽን ለተለመደው 40 ቁጥር ክር በመስመርና በመስመር መካከል 0.4 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ከዚያ ሲጠጋጋ መርፌው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይበሳዋል፤ ክር ይበጠሳል፣ ስስ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ጥልፉም ደርቆ ይገተራል። ያለቀ ዲዛይን አሳንሶ መጠቀምም ወደዚሁ ጥፋት ያደርሳል። 12 ሴንቲሜትር የነበረን ጉንጉን የስፌቱን ቁጥር ሳይቀንሱ ወደ 8 ሴንቲሜትር ቢያወርዱት፣ የሚያርፍበት ቦታ ከግማሽ በታች ስለሚሆን ክሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይታመቃል። በተቃራኒው ሲተልቅ ቅጠሉ ይሳሳና ጨርቁ በመካከሉ ይታያል።

ጨርቁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፎጣ ላይ ቀጫጭን ቅጠሎች በፎጣው ፀጉር ውስጥ ስለሚሰጥሙ በላዩ በውኃ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ ይደረባል። የሚለጠጥ ቲሸርት ከስሩ ከታጠበም በኋላ የሚቆይ ድጋፍ ካልተደረገለት በጉንጉኑ ዙሪያ ይጨማደዳል። ለአንዱ የተዘጋጀ ዲዛይን ለሌላው አይሆንም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሃል ላይ የሚያርፈው ስም ነው፤ በተለይ በፊደላችን ሲጻፍ። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩት በእግራቸው ስር ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ አንዷ አግድም ሰረዝ፣ ሌላዋ ቀለበት። ፊደሉ አንሶ ቀለበቷ በክር ከተሞላች «ሌ» «ሊ» ሆኖ ይነበባል። ከአንድ ሚሊሜትር የጠበበ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት በደንብ ስለማይወጣ፣ በላቲን ፊደል አምሮ የሚታይ መጠን ለአማርኛ ስም ላይበቃ ይችላል። ጉንጉኑን ማስፋት ወይም ቅጠሎቹን መቀነስ ያስፈልጋል። የስሙ ባለቤት ስጦታውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ስሙን ነውና እኔ ብሆን ቅጠሉን እሠዋለሁ።

ዛሬ ፎቶ ተቀብሎ ስፌቱን ራሱ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር አለ፣ ታዲያ ባለሙያው ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መከራከሪያው ባዶ አይደለም። ጥቂት ቀለም ላለው ሰፊና ደልዳላ ምስል ሶፍትዌሩ የሚረባ ሥራ ይሠራል። ተደራርበው ለሚቆሙ ትናንሽ ቅጠሎች ግን ቅደም ተከተሉን ያምታታል፣ ክሩን ሳያስፈልግ ደጋግሞ ይቆርጣል፤ ከስር ያለው ፎጣ ይሁን ሐር ሰው ካልነገረውም አያውቅም።

የእጅ ሥራ አይደለምና ዋጋ የለውም ለሚሉም መልሱ ከታሪኩ ውስጥ አለ። የማሽን ጥልፍ ከኮምፒውተር በፊት የመጣ ነው። ጆስዋ ሃይልማን በፈረንሳይዋ ሙሉዝ እ.አ.አ. በ1828 የሠራው ማሽን፣ አንድ ሰው ሥዕሉን በእጁ እየተከተለ ብዙ መርፌዎችን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስበት ነበር። በ1863 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ይዛክ ግሮብሊ በመወርወሪያ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ያኔ መስመሩን የሚከተለው እጅ ዛሬ መስመሩን አስቀድሞ ያሰላል። ይህ ማለት በመርፌና በክር ብቻ የተሠራ ጥልፍ ከማሽኑ ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የእጅ ጥልፍ ጊዜው ረጅም ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። ነገር ግን 10,000 ስፌት ያለውን ጉንጉን በደቂቃ 800 ስፌት የሚሄድ ማሽን በ12 ደቂቃ ተኩል ቢጨርሰው፣ ደንበኛው የሚከፍለው ለእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሲያዝዙ የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ ስጦታው በሚሠራበት በዚያው ዓይነት ጨርቅ ላይ ተጠልፎ አንድ ጊዜ የታጠበ ናሙናም ይጠይቁ።