አጭሩ ውጅግራ

ደሴ ውስጥ ስለ ጠመንጃ ጨዋታ ከተነሣ ክላሽ ይወደሳል፣ ምንሽር ይከበራል፣ ቤልጅግ ያለው ሰው ደረቱን ነፍቶ ያወራል። ውጅግራ ያለው ግን ዝም ይላል። ቢጠየቅም «ያባቴ ነው፤ እንዲያው ለመታሰቢያ አስቀምጬው ነው» ብሎ ወሬውን ያሳጥራል። ርካሽ፣ ጭሳም፣ አንድ ጎራሽ፣ ጥይቱ የማይገኝ አሮጌ ብረት እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ንቀቱ ግን አይገባውም። የወሎን ባላገር ከጦርና ከጋሻ ወደ ጠመንጃ ካሻገሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የተናቀው ብረት ነው።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው የባዚል ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው መጥቷል። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ መቀርቀሪያው ሲሳብ ቀለሃው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ 25 ግራም ገደማ ነው። ረጅሙ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል፤ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ባሩዱ ጥቁር ነው።

ርካሽ የሆነው መናኛ ስለሆነ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የተባለውን ጠመንጃ ስታወጣ፣ የለበን ጭስ አልባ ባሩድ የዓለምን ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ አስረጀው። መጋዘን ሙሉ ውጅግራ፣ ያውም በደንብ የተሠራና ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግል፣ ለሠራዊቱ ትርፍ ሆነ። የፈረንሳይ ነጋዴዎችም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሐበሻ ገበያ አወረዱት። በዚያ ዘመን ግሪኮችም ይህንኑ ጠመንጃ ታጥቀው ነበር፤ የእነሱን ያሠሩት ኦስትሪያ፣ ሽታየር ፋብሪካ ነው። እንግዲህ አንድ ጎራሹን ደህና መሣሪያ ነው ብሎ የገዛው የእኛ ሰው ብቻ አልነበረም።

ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን ማለት እንደሆነ ወሎ የተማረው በመራራ መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዛሬ ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለችው መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ሜዳ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። ከቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነበር። ባለ ሁለት አፍ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሁለት ጊዜም ያከታትላል። ከዚያ በኋላ ግን ባሩዱን በአፉ ማፍሰስ፣ እርሳሱን መክተት፣ በዘንግ መደቅደቅ፣ ቆቡን ማልበስ አለ፤ ይህ ሁሉ ቆሞና ተጋልጦ የሚሠራ ሥራ ነው። እንግሊዞቹ የያዙት ሰናድር ከኋላ ይጎርሳል። በኢትዮጵያውያን በኩል የሞተው ወደ 700 ሰው ሲገመት፣ ከእንግሊዞቹ ሠራዊት የሞተው ሁለት ሰው ነበር። በጀግንነት የሚታማ አልነበረም፤ ልዩነቱ የመጣው ከጠመንጃው ኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ጠመንጃ የመሰብሰብ ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያን ንጉሥ ምኒልክን ከአፄ ዮሐንስ ለመነጠል ስትሞክር በእጅ መንሻነት ያቀረበችው 5,000 ሬሚንግተን ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። ውሉ ሲፈርስና የ1888ቱ ክተት ሲታወጅ የሸዋ ሠራዊት እንዲገናኝ የተቀጠረው ወረኢሉ ላይ ነው። ወደ ዓድዋ በዘመተው ጦር ውስጥ ውጅግራ ከሬሚንግተንና ከሰናድር ጎን ለጎን ተሰልፏል። የወሎው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ከዘማቾቹ ነበሩ። መቅደላ፣ ውጫሌና ወረኢሉ ከደሴ በአንድ ቀን መኪና የሚደረስባቸው ናቸው፤ የውጅግራን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ፓሪስ መሄድ አይጠበቅበትም።

አንድ ነገር ለብቻው ይነገር። የውጅግራ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ማርትሬዛው ብር ለትንሽ ዕቃ ይበዛል፣ አሞሌው ጨው ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ጥይቱ ግን ይቆጠራል፣ አይበላሽም፣ ሁሉም ይፈልገዋል። መገበያያ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ጥይት ያለው ጠመንጃ «የማይረባ» ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ አጭሩ።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አጭር ውጅግራ የታየ እንደሆነ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ተቆርጦ ነው» ይባላል። አንዱ በአምስቱ ዓመት ከጣሊያን ሊደብቁት ቆረጡት ይላል። ሌላው አፈሙዙ ስለዛገ አስቆረጡት ይላል። ሦስተኛው ሽፍታ ነው የቆረጠው ብሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ ዋጋው ይወርዳል፣ ባለቤቱም ያፍራል። እርግጥ ነው፣ የተቆረጡ አሉ። ነገር ግን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ከመጀመሪያው አጭር አድርገው የሠሩት ውጅግራ አለ፤ ያውም ከአንድ በላይ ዓይነት። አንዱ ለፈረሰኛ የተሠራው 1 ሜትር ከ17 ገደማ የሚሆነው ነው። ሌላው ለመድፈኛ የተሠራው አንድ ሜትር የማይሞላው ነው። ፈረሰኛ ረጅም ጠመንጃ ኮርቻ ላይ አይመቸውም፤ መድፈኛም ሥራው መድፉ ስለሆነ ጠመንጃው ከጀርባው ላይ እንዳያውከው ይፈልጋል። ምክንያቱ ይኸው ነው። በፈረስ በሚታወቅ አገር የፈረሰኛ ጠመንጃ «ቁራጭ» ተብሎ መሰደቡ የሚያስቆጭ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከእነዚህ አንዱን አይቷል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃውን ከተጠቀለለበት ጋቢ አውጥተው ለእንግዳ ከመስጠታቸው በፊት መቀርቀሪያውን ስበው፣ ትንሿን ጣታቸውን ጥይት ማጉረሻው ውስጥ ከተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ይህን የሚያደርግ ባለ ጠመንጃ ጥቂት ነው፤ «ባዶ ነው» ተብሎ የተሰጠ ጠመንጃ ስንት ቤት አፍርሷል።

«ውሰድ ልጄ፣ እየው። አባቴ ለምን እንደቆረጡት እንጃ» አሉ።

«አያ፣ አባትዎ አልቆረጡትም» አላቸው እንግዳው።

«እንዴት አወቅህ? ያኔ አልተወለድክ።»

የታወቀው ከእጀታው ነው። የረጅሙ ውጅግራ የመቀርቀሪያ እጀታ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል። የፈረሰኛው ግን ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ቀጥ ቢል የጋላቢውን ጭንና የፈረሱን ጎን ይወጋ ነበር። የሽማግሌው ጠመንጃ እጀታ ወደ ታች ታጥፎ ከእንጨቱ ጎን ተጋድሟል። የሰደፉ መጨረሻና የቃታው መከለያ ናስ ነበሩ፤ ናሱ በእጅ ብዛት ልሞ ቢጫው ወደ ቡኒ ሄዷል። ሳንጃ የሚሰካበት ጉጥ የለውም፤ የፈረሰኛው ካርቢን ሲሠራም ጉጡ አልነበረውም። በግራ ጎኑ በኩል በተያያዘ ጽሕፈት የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስም፣ ከሥሩ 1874፣ ከእሱም አጠገብ ኤም 80 የሚል ምልክት ይነበባል። ኤም 80 የሚለው እ.ኤ.አ. በ1880 የተደረገለት ማሻሻያ ምልክት ነው። በአፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥርና በመቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ ይህ ማለት ከፋብሪካ የወጡት አብረው ነው። በብርሃን በኩል ወደ ውስጥ ሲታይ አራቱ ቦዮች ወደ ግራ ሲዞሩ ይታያሉ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሰምተው የልጅ ልጃቸውን ጠሩና እንደገና እንዲነገር አዘዙ።

ቁጥሩን ማየት የሚያስፈልገው እጀታ ብቻውን ስለሚያታልል ነው። መቀርቀሪያ ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ሌላው ይዛወራል። ቀጥ ያለውንም እሳት አሳይቶ የሚያጥፍ ባለ እጅ አይጠፋም። እሳት ያየ ብረት ቀለሙ ይለወጣል፣ መታጠፊያው ላይ የመዶሻ ዱካ ይቀራል። እውነተኛው ቁራጭ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። የረጅሙ አፈሙዝ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ መሐሉ ላይ ሲቆረጥ ጫፉ ወፍሮ ይቀራል። የፊት ማነጣጠሪያው ከተቆረጠው ጋር ሄዷልና በቦታው የተበየደ ምስማር ወይም የገንዘብ ቁራጭ ይገኛል፤ አንዳንዱም ምንም የለውም።

ያለ ፊት ማነጣጠሪያ የሚተኮስ ጠመንጃ ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው። ቆራጮች ይህን አይነግሩም። የአፈሙዝ ጫፍ ጥይቱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካው ቦታ ነው። ጫፉ በመጋዝ ወልገድ ብሎ ከተቆረጠ ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ከመንገዱ ይገፋዋል። ሰውየው ግን ጠመንጃው ድሮም አይመታም እያለ ያማርራል። በደህና ጊዜ የተሠራ ዕቃ ሰባብሮ ዕቃውን መርገም ነውር ነው።

አጭሩ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ባለቤቶቹ ከሁሉ በፊት የሚያነሱት ምቱን ነው፤ ጥይቱ የረጅሙ፣ ክብደቱ ግን ያነሰ ስለሆነ ትከሻን ይደቁሳል። ጩኸቱም ወደ ተኳሹ ጆሮ የቀረበ ነው። የአፈሙዙ እሳት ይበዛል። በሌላ በኩል በር ላይ አይጋጭም፣ በቅሎ ላይ ይመቻል፣ በጦሳ ተራራ ዳገት ሽማግሌ ሊሸከመው ይችላል።

ስለ ጽዳት ያለው ስሕተት ከመቁረጥ ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል። ብዙ ሰው ከተኮሰ በኋላ ዘይት ቀብቶ ያስቀምጣል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዘይት ደግሞ አያሟሟውም። ዘይቱ በላዩ ሲንጣለል ዝገቱ ከሥር አፈሙዙን ይበላል። መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ የፈላ ውሃ ካጠበው በኋላ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ መወልወል፣ ዘይት ከዚያ በኋላ። «ብረት በውሃ?» ብለው የሚደነግጡ አሉ። የፈላ ውሃ ብረቱን ስለሚያግለው ራሱ ቶሎ ይደርቃል። ክላሽ የያዘ ልጅ ለአያቱ ውጅግራ የሚሰጠው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። እንዲሁም ምድጃ ካለበት ክፍል ግድግዳ ላይ መስቀል ይቅር፤ በተለይ ደሴን በመሰለ ጉም በማይለየው ከተማ።

ከዚህ ሁሉ የባሰ አንድ ስሕተት አለ። የውጅግራ ጥይት ሲጠፋ በአሮጌ ቀለሃ ውስጥ ከአዲስ ጥይት የተወሰደ ባሩድ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። የአሁኑ ባሩድ ጉልበት ለዚያ ብረት አልተመጠነም። መቀርቀሪያው የሚፈነዳው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። ጥይት የሌለው ውጅግራ ጥይት የሌለው ሆኖ ይቀመጥ።

በለቅሶ ላይ የሟች ጠመንጃ ከፈረሱና ከልብሱ ጋር ወጥቶ ሲታይ፣ አልቃሽ ጀግንነቱን ስታነሣ፣ ውጅግራ ቦታው እዚያ ነው፤ ከቶውንም አያሳፍርም። ወደ ሰማይ መተኮሱ ግን ይቅር። 25 ግራም እርሳስ የወጣ እንደሆነ መውረዱ አይቀርም፤ ኮምቦልቻን በመሰለ ቤት በተጠጋጋበት ከተማ የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ሕጉም ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም።

ፈቃድ ለማውጣት ሲኬድ በጠመንጃው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ፎቶ ማንሳት ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ የቅርሱ ማስረጃ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ በየቤቱ የቀረው ቅርስ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ጠመንጃው በጠፋበት ቤት እንኳ ሳንጃው ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እጀታው እንጨት፣ ጫፉ ናስ፣ ስለቱ ቀጭንና ረጅም። ዝገቱ በቀስታ ከተጠረገ በጀርባው ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስም፣ ወሩና ዓመቱ ተቀርጾ ይነበባል።