ልጃችሁ «አሮጌ ተርቦ ልግዛ» ሲላችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጅ መኪና ልግዛ ሲል ወላጅ የሚጠይቀው «ያሪስ ነው ወይስ ኮሮላ?» ብሎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና አቅሙ ያልደረሰ ወጣት የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው፣ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞረው ነው። ከሚዞሩት መካከል የወጣት ዓይን ቶሎ የሚያርፍበት ደግሞ የታወቀ ነው፦ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የሞላው፣ ኮፈኑ ላይ የአየር ማስገቢያ ያለው፣ ሲነዱት የሚያፏጭ የስፖርት ተርቦ።

በእኛ ቤት ጥያቄው የመጣው በትልቁ ልጄ በኩል ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እኛው ዘንድ ጦር ኃይሎች ይኖራል። ያለችው ቪትዝ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እሱን ሥራ ታደርሳለች፤ በየወሩ ደግሞ እናቱን ለኩላሊት ክትትል ሆስፒታል ታመላልሳለች። ይህችን መኪና ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከእኔ የዕቁብ ገንዘብ ጨምሮ፣ የ1999 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ተርቦ ሊወስድ ፈለገ። እኔ 28 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። የትኛው መኪና ለምን እንደቆመ፣ ስንት ቀን እንደቆመ መዝገብ ላይ ስጽፍ ነው የኖርኩት። እናም «ተርቦ ነው፣ አይሆንም» ብዬ አልዘጋሁትም። እንዲህ ያለው መልስ ትክክል ስላልሆነ ልጅን አያሳምንም።

ተርቦ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላ ማራገቢያ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይነድዳል፤ ትንሹ ሞተር የትልቁን ጉልበት ያወጣል። ችግሩ ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር መቻሉ ነው። በአንድ በኩል የሚያልፈው ጭስ በጭነት ጊዜ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። ዘንጉን ከብረት ጋር እንዳይፋቅ የሚያደርገው ከወረቀት የሳሳ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ካረጀ፣ ከጎደለ ወይም በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ አርሮ መንገዱን ከዘጋ ተርቦው ያልቃል። መካኒኩ ተርቦውን ፈትቶ «ይኸው ተበላሽቷል» ሲላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ለዓመታት በጊዜው ያልተቀየረ ዘይት ያደረሰውን ጉዳት ነው።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ራቅ ሳትሉ ቁሙ። አሸዋ ጭኖ በቀለበት መንገዱ የሚያልፈው ሲኖትራክ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የምትሰሙት ፉጨት የተርቦ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ማታም ይሠራል። ተርቦ በባሕርይው የሚከዳ ነገር ቢሆን ኖሮ የከተማችን ግንባታ በቆመ ነበር።

እንዲያውም ለአዲስ አበባ ተርቦ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 80 እንኳ አይሞላም። ተርቦው የጎደለውን ጨምቆ ይተካል። ነገር ግን የሳሳውን አየር ያንኑ ያህል ለመጭመቅ የበለጠ መሽከርከር ግድ ይለዋል፤ የበለጠም ይሞቃል። ጉልበቱን የምናገኘው ከተርቦው ዕድሜ ላይ ቀንሰን ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ የጭነት መኪናው ከቻለ የስፖርት መኪናው ለምን ያስቸግራል? አንደኛው ምክንያት ቤንዚን ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ የስፖርት ተርቦዎች የተቃኙት እዚያ ለሚሸጠው፣ ኦክቴኑ ወደ 100 ለሚጠጋው ቤንዚን ነው። የእኛ ማደያ ምርጫ አይሰጥም፤ የተገኘውን፣ ያውም ተሰልፎ መቅዳት ነው። ኦክቴኑ ያነሰ ቤንዚን በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ከጊዜው ቀድሞ ይነድዳል። ድምፁ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ነው፤ ፒስተን የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው። ሲኖትራኩን የገዛው ሰው እንዲሠራለት ነው የገዛው። የስፖርቱን መኪና ግን ከልጄ በፊት አራትና አምስት ወጣቶች ነድተውታል፤ እያንዳንዱም አንድ ነገር ነካክቶለታል።

ልጄ የሳፋሪ ራሊን አንስቶ ተከራከረኝ። እውነት ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን ኬንያ ቶዮታ ሴሊካ ተርቦ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ወጥቷል፣ በ1997 ደግሞ ኮሊን ማክሬ በዚሁ በኢምፕሬዛ አሸንፏል። ግን የእነዚያን መኪኖች ኋላ ኋላ መለዋወጫ የጫነ መኪና ይከተላቸው ነበር፤ የመካኒክ ቡድን በየማረፊያው እየጠበቀ የላላውን ያጠብቅ፣ ያለቀውን ይቀይር ነበር። እኔ ኋላዬ የሚከተለኝ የለም፤ ቢበዛ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው።

መኪናውን አንድ ቅዳሜ ጠዋት አየነው። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቀለሙም ወንበሩም ንጹሕ ነው። ሞተሩን ሳያሞቅ እንዲጠብቀን አስቀድመን ነግረነው ነበር። ይህን አትርሱ፤ ሞቆ የቀረበ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ሲነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት እየነደደ ነው፤ ይህኛው አላወጣም። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተን ጎንበስ አልን። ወደ ተርቦው በሚሄደው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ላይ ፋብሪካው ያላስቀመጣት ትንሽ ማስተካከያ ቫልቭ ተሰክታለች። የአየር ግፊቱን ከተወሰነው በላይ ከፍ ለማድረግ የምትገጠም ናት። ሻጩ ሲገዛው ጀምሮ እንደዚያ ነው አለን፤ አምነዋለሁ።

ወደምናውቀው ጋራዥ ወስደን ኮምፕሬሽን አስለካን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በመጽሐፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። መጽሐፉ 150 የሚለው ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 115 ወይም 120 ቢያሳይ ደንብ ነው፤ የሞተር በሽታ አይደለም። ልጄ የመጀመሪያውን ሲሊንደር 118 ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ መካኒኩ ሳቀ። መታየት ያለበት የአራቱ መመሳሰል ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአሥር በመቶ ገደማ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው 116 ሆነ፣ ሦስተኛው 119። አራተኛው 90 ላይ ቆመ። ደግመን ለካን፤ ያው 90። መካኒኩ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ አለ። ያ የሚናገረው ቀለበቱ ወይም ፒስተኑ መጎዳቱን ነው። ተርቦው ራሱ ደህና ነበር፤ ዘንጉ በእጅ ሲነካ አይወዛወዝም። የተጎዳው ሞተሩ ነው፣ የጎዳችውም ያቺ ትንሽ ቫልቭ ናት ብዬ እገምታለሁ።

ዕቁቡ ኪሴ ቀረ። ልጄ ለሦስት ቀን አኮረፈ። አሁን የሚሸጥ ተርቦ ማየቱን አልተወም፤ ኮምፕሬሽን መለኪያ ግን የራሱን ገዝቷል።

አራቱም ሲሊንደር እኩል ቢሆኑስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ባለቤቴ ነች የጠየቀችኝ። መኪናው ጤነኛ ቢሆንም ለእኛ ቤት አይሆንም ነበር ያልኳት። ምክንያቴ የሚቆምበት ቀን ብዛት ነው። ቪትዟ አንድ ነገር ሲጎድልባት ልጄ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሰዓት ይመለሳል፤ ከአንዱ ሱቅ ቢያጣ ከሌላው አያጣም። የሱባሩ ተርቦ ዕቃ ግን እንደዚያ አይገኝም። አንዳንዱ ከዱባይ ይታዘዛል፤ መኪናው ጋራዥ ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ትልቁ ነገር አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ሙቀት የጠበሰው የላስቲክ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ አየር ያስገባል፣ ሞተሩ ይንገዳገዳል። ቱቦው ርካሽ ነው፤ የትኛው ቱቦ እንደሆነ ለማግኘት የሚባክነው ቀን ነው ውዱ።

በእርግጥ ጦር ኃይሎች የምንኖር ሰዎች ባቡር አለን። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እዚህ ጀምሮ እስከ አያት የሚዘልቅ ነው። ለብቻው የሚኖር ወጣት መኪናው ጋራዥ በገባ ቀን በባቡር ሜክሲኮ ወርዶ ሥራው ይገባል፤ እንዲህ ላለው ልጅ አሮጌ ተርቦ ያምራል፣ ቢገዛም አልቃወምም። እናቱን ከሆስፒታል ቀጠሮ ጋር፣ ሁለት ሕፃናትን ከነምሳ ዕቃቸው በግፊያ ውስጥ ይዞ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በቤቱ ሁለተኛ መኪና ካለም ነገሩ ይቀየራል።

ልጃችሁ ገዝቶት ከሆነ ደግሞ ነገሩ አልቋል፤ መጨቃጨቁን ትታችሁ አነዳዱን ተመልከቱ። የእኛ የከተማ አነዳድ ለተርቦ ከረጅም መንገድ የባሰ ነው። ጠዋት በብርድ ተነስቶ፣ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ይጠፋል። እንዲህ ባለ አጭር ጉዞ እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ዘይቱና ፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ቢቻል ከዚያም ቀድሞ ይቀየር። የዘይት መለኪያው በየሳምንቱ ተመዝዞ ይታይ። የሙቀት ጠቋሚው መሐል እስኪደርስ ድረስ ነዳጅ አይረገጥ። ከረጅም ዳገት ወይም ከፈጣን ጉዞ በኋላ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፤ ዘይቱ በጋለው ተርቦ ውስጥ ቆሞ እንዳያር ነው። የአየር ማጣሪያው አቧራ አይዝ፤ የሚገባ አሸዋ ማራገቢያውን ይሞርደዋል። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ይቆጠር።

የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ለብቻው ይነሳ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ግን 100 ላይ። የሞተሩ ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግፊቱን አይይዝም። በሰልፍ ውስጥ ከልደታ እስከ ጦር ኃይሎች ሲንፏቀቅ ውሃው ይፈላል፣ የቴስታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ተርቦው በከንቱ ይወቀሳል። ቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ውስጡን ያዝገዋል፤ ኩላንት ይጨመርበት። ክዳኑን የምታዩት ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ትኩሱን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ይቃጠላል፤ የልጅ ልጆች ኮፈኑ አጠገብ እንዲቆሙም አትፍቀዱ።