ባሕር በሌለበት አገር ውሃ ዳር፦ የዴንቨርና የአውሮራ ሐይቆች

ኮሎራዶ ባሕር የላትም። ኢትዮጵያም የላትም። ስለዚህ ወላጆቻችን «ውሃ ዳር እንሂድ» ሲሉ የሚታወሳቸው ሐይቅ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም ጣና። ከፍታውም አይከብዳቸውም። «የአንድ ማይል ከፍታ ከተማ» የምትባለው ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዴንቨር ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በዴንቨርና በአውሮራ ያሉት ትልልቅ ሐይቆች ሰው የሠራቸው ናቸው፤ የተሠሩበትም ምክንያት ሽርሽር አይደለም።

ቼሪ ክሪክን እንውሰድ። «ክሪክ» ማለት ጅረት ነው። ይህ ጅረት በበጋ ትንሽ ይመስላል። በ1933 ኦገስት 3 ግን ከዴንቨር በስተደቡብ የነበረው የካስልውድ ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተሰበረ፤ ጎርፉም ጅረቱን ተከትሎ ከተማው መሃል ገባ። በኋላ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ትልቅ የአፈር ግድብ ሠሩ፤ በ1950 ተጠናቀቀ። ዛሬ ልጆች የሚዋኙበት ሐይቅ ከዚያ ግድብ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ ነው። አሸዋማ መዋኛ፣ የብስክሌት መንገድ፣ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛና የሥጋ መጥበሻ አለው። ማታ ከምሥራቁ ዳርቻ ሆናችሁ ፀሐይ ከሮኪ ተራሮች ጀርባ ስትጠልቅ ማየት ትችላላችሁ። ጉልበት ያለው ደግሞ ጅረቱን ተከትሎ በብስክሌት እስከ መሃል ዴንቨር ይወርዳል፤ ጅረቱ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር እስከሚገናኝበት ቦታ ድረስ። ከተማዋ የተቆረቆረችው እዚያ አካባቢ ነው፤ በ1858 ወርቅ ተገኝቶ።

የአውሮራው ማጠራቀሚያ ሐይቅ ሌላ ነው። በ1990 ተከፈተ፤ ውሃው የከተማው ነዋሪ የሚጠጣው ነው። ስለዚህ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ያለው ጀልባ አይገባበትም። ጸጥታው ለዚህ ነው። ዙሪያውን ስምንት ማይል ተኩል ገደማ የሚሆን አስፋልት መንገድ አለ። መንገዱ የሚያልፈው በገላጣ ሜዳ ስለሆነ ጥላ የለውም። ኮፍያና ብዙ ውሃ ሳትይዙ አትጀምሩት።

መሃል ዴንቨር ወዳለው ዋሽንግተን ፓርክ ስትሄዱ ደግሞ ስሚዝ ሐይቅ አጠገብ ቆም በሉ። ድሮ እዚያ የመዋኛ ዳርቻ ነበር። በሕግ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ በተግባር ግን የሚዋኙት ነጮች ብቻ ነበሩ። በ1932 ኦገስት 17 ወደ 150 የሚሆኑ ጥቁሮች «መብታችን ነው» ብለው ሊዋኙ ሄዱ። ብዙ ነጮች ተሰብስበው ደበደቧቸው። ዛሬ እዚያ ማንም አይዋኝም፤ ሰው በእግሩ ይዞራል፣ ልጆች ዳክዬ ያያሉ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳያውቁ እዚያ ሣር ላይ ምንጣፍ መዘርጋት ትንሽ ይጎድላል ባይ ነኝ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። (በነገራችን ላይ «ዋና» ሁለት ቃል ነው፤ «ና» ሲጠብቅ ትልቁ፣ አስፈላጊው ማለት ነው፤ ሲላላ ውሃ ላይ የምንዋኘው ነው።) ከደጋ የመጡ ብዙ ወላጆች ዋና አልተማሩም። ስለዚህ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ እናት ዳር ቆማ «ና ውጣ! በቃህ!» ትላለች። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። እሷ ራሷ ገብታ ልታወጣው አትችልም። የተራራ ውሃ ደግሞ በበጋም ቢሆን ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ድንገት የገባበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል።

መፍትሔው ልጁን ቤት ማስቀመጥ አይደለም። ሁለቱም ከተሞች በመዋኛ ገንዳዎቻቸው የዋና ትምህርት ይሰጣሉ፤ ለትልልቅ ሰዎችም ጭምር። ከ5 እስከ 18 ዓመት ያሉ የዴንቨር ልጆች «ማይ ዴንቨር» በሚባለው ካርድ የከተማውን ገንዳዎች በነጻ ይጠቀማሉ። ሐይቅ ላይ ለመዋኛ ከተከለለው ቦታ አትውጡ። ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲለብስ የኮሎራዶ ሕግ ያስገድዳል። የማይዋኝ አዋቂም ቢለብስ አያሳፍርም።

ስለ መግቢያ ክፍያም አንድ ነገር እንበል። ከ2023 ጀምሮ መኪና ስታስመዘግቡ የስቴት ፓርኮችን የዓመት ፈቃድ በቅናሽ አብራችሁ መክፈል ትችላላችሁ። ፈቃዱ በቼሪ ክሪክም ይሠራል። የአውሮራው ሐይቅ ግን የከተማው ስለሆነ የራሱ ክፍያ አለው።

በማለዳ ሂዱ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው በፍጥነት ይመጣል፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ከውሃ ወጥታችሁ መኪና ውስጥ ግቡ። ድርቅ ሲሆን ደግሞ የከሰል እሳት ሊከለከል ስለሚችል፣ ለጀበናው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ።