ምልክት የሌለውን የመበየጃ እርሳስ በሚዛንና በውሃ ስለ መለየት

የአትክልት ውሃ ማጠጫ፣ የትራክተር ራዲያተር ወይም የወተት ቢዶን ሲያፈስ ቀዳዳው የሚደፈነው በመበየጃ እርሳስ ነው። መበየጃው ስሙ እርሳስ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ማዕድናት ቅልቅል ነው፤ አንደኛው እርሳስ፣ ሁለተኛው ቲን የሚባለው ነጭ ማዕድን ነው። ቲን ከእርሳስ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ መጠኑ ያልተጻፈበትን ዘንግ የሚገዛ ማኅበር በቲን ዋጋ እርሳስ ሊሸምት ይችላል። ከገንዘቡ ኪሣራ የባሰው ደግሞ እርሳሱ ወደ ምግብ ዕቃ የገባ እንደሆነ ነው።

በዓይንና በእጅ

እርሳስ የበዛበት ዘንግ ደብዛዛ ነው፤ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ወረቀት ላይ ሲታሸም ጥቁር መስመር ይተዋል። ቲን የበዛበት ነጣ ብሎ ያበራል። ንጹሕ ቲን ጆሮ አጠገብ ሲታጠፍ ሲንጣጣ ይሰማል። ይህ ግን ግምት እንጂ ልክ አይደለም።

በሚዛን

እርሳስ ከቲን ስለሚከብድ፣ ዘንጉ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማወቅ ቅልቅሉን ይነግረናል። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

1. ዘንጉ ተጠርጎ ይመዘን።
2. ውሃ የያዘ ዕቃ ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ክብደቱ ይመዝገብ።
3. ዘንጉ በቀጭን ክር ታስሮ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፤ የዕቃውን ሥርና ጎን ግን አይንካ።
4. ሚዛኑ የጨመረው ግራም ይመዝገብና የዘንጉ ክብደት ለዚሁ ይካፈል።

ለምሳሌ ዘንጉ 445 ግራም ቢመዝንና ሚዛኑ 50 ግራም ቢጨምር፣ 445 ለ50 ሲካፈል 8.9 ይሆናል። ውጤቱም እንደሚከተለው ይነበባል።

ንጹሕ ቲን፦ 7.3
ቲን 60፣ እርሳስ 40 በመቶ፦ 8.5
ቲን 50፣ እርሳስ 50 በመቶ፦ 8.9
ቲን 40፣ እርሳስ 60 በመቶ፦ 9.3
ቲን 30፣ እርሳስ 70 በመቶ፦ 9.7
ንጹሕ እርሳስ፦ 11.3

በዚህ ምሳሌ የ2 ግራም ስሕተት ውጤቱን ወደ ሌላ መስመር ያዛውራል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ መመዘን ይገባል።

በማቅለጥ

ቲን 63 በመቶ የሆነው ቅልቅል በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ባንድ ጊዜ ይጠጥራል። ቲኑ 40 በመቶ የሆነው ግን ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው በ238 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲቀዘቅዝም እስከ 183 ዲግሪ ድረስ እንደ ገንፎ ሆኖ ይቆያል። ይህ የሚዛኑን ውጤት ለማመሳከር ይረዳል። ማቅለጡ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን፤ ከሥራ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ሚዛን የማይነግረን

ውጤቱ 7.3 ቢሆንም መበየጃው ከእርሳስ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ የሚውል መበየጃ ከ0.2 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው ከልክሏል። ይህን የመሰለ ጥቂት መጠን የማኅበር ሚዛን ሊያሳይ አይችልም። የኮመጠጠ ወተትና ማር አሲድነት ስላላቸው እርሳሱን ያሟሙታል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም።

ስለሆነም ምልክት የሌለው መበየጃ በሚዛን ተለይቶ ለራዲያተር ይዋል፤ ለወተት ቢዶን፣ ለማር ማጣሪያና ለመጠጥ ውሃ ዕቃ ግን ፈጽሞ አይዋል። ለእነዚህ ብየዳ የሌለበት የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ እንዲገዛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ማኅበራትን እንዲያስረዱ እናሳስባለን።