ሣርና ዘመዶቹ

ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ጥያቄ አመጣብን። «ላሟ እየደጋገመች በቆሎ ውስጥ የምትገባው ለምንድን ነው?» አለን። እኛም «በቆሎም እኮ ሣር ነው» አልነው። ልጁ ሳቀ። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ሁሉ የሣር ቤተሰብ ናቸው። ቀርከሃም ሳይቀር ሣር ነው። በዓለም ላይ ከ11,000 የሚበልጥ የሣር ዓይነት አለ።

ሣርን በምን እናውቀዋለን?

አገዳውን ተመልከቱ። እንደ ጣታችን አንጓ አንጓ አለው። ቅጠሉ ከአንጓው ተነሥቶ አገዳውን እንደ ሰገባ ያቅፈዋል። የቅጠሉ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እንደ መረብ አይጠላለፉም። ሥሩ ቀጫጭንና ብዙ ነው።

ሣር አበባም አለው። ነገር ግን አበባው ትንሽ ነው፤ አያምርም። የሚያገለግለው ነፋስ ስለሆነ ንብ ለመጥራት አይደክምም። በቆሎ አናት ላይ የሚወጣው ወንዱ አበባ ነው። እሸቱ ላይ ያለው ጸጉር የሴቷ ነው። ከላይ የሚረግፈው ዱቄት ጸጉሩ ላይ ሲያርፍ ፍሬ ይይዛል። አንድ ጸጉር ለአንድ ፍሬ ነው። ዱቄት ያላገኘው ጸጉር ፍሬ አይሰጥም፤ በቆሎውም ጥርሱ የወለቀ ይመስላል።

ዘመዶቹስ እነማን ናቸው?

በበዓል ቀን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ሣር ይመስላል፤ ግን የሣር የአጎት ልጅ ነው። ግንዱን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንጓም የለውም።

በወላይትኛ ኡታ የምንለው እንሰትም የሣር የሩቅ ዘመድ ነው። ቅጠሉን ነፋስ ሲመታው ጎን ለጎን በሚሄዱት መስመሮች ይሰነጠቃል። የእንሰት የቅርብ ወንድም ግን ሙዝ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ዘመዳሞች በሽታም ይጋራሉ። የእንሰት አጠውልግ በአገራችን መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጻፈ። በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይ መገኘቱ ተነገረ። በሽታው በቢላዋና በገጀራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ የታመመ እንሰት የቆረጥንበትን ቢላዋ በእሳት ሳንለበልብ ጤነኛውን እንሰት አንንካ፤ ሙዝም አንቁረጥበት። የታመመውን ነቅለን እንቅበር። በቦታውም ቶሎ ብለን ሙዝ አንትከል።

በቆሎና ማሽላም እንዲሁ ናቸው። አቀንጭራ የሚባለው አረም ሥራቸው ላይ ተጣብቆ የሁለቱንም ምግብ ይመጣል። አቀንጭራ በያዘው ማሳ በቆሎ አንሥተን ማሽላ ብንዘራ ጠላታችንን መቀለብ ነው። ቦሎቄ ግን ከሣር ቤት አይደለም። ይህ አረም አያጠቃውም፤ መሬቱንም ያለማል።

እስቲ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። በቆሎና ቦሎቄ በአሮጌ ጣሳ ዝሩ። ሲበቅሉ መጀመሪያ የሚወጣውን ቅጠል ቁጠሩ። በቆሎ በአንድ ቅጠል ብቅ ይላል። ቦሎቄ ሁለት ይዞ ይወጣል። በዚህ ልጆቻችሁ የሣርን ወገን ከባዕዱ መለየት ይጀምራሉ።