ባሕረ ሐሳብ እንደ አልጎሪዝም፦ የአብነት ትምህርት ስሌት በክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት

መግቢያ

በላስታ ተራሮች ከሚገኙት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ገነተ ማርያም ናት። በግድግዳዋ ላይ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጋር ያያይዛታል። የዚህች ደብር ዓመት፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ በሁለት ዓይነት በዓላት የተዋቀረ ነው። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላሉ፤ ቀናቸው አይናወጥም። ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤና ዕርገት ግን በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። የሚውሉበትን ቀን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ የተባለው ስሌት ሲሆን፣ ውጤቱም በዘመን መለወጫ ለምእመናን ይነገራል።

አንድ ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስን ሲያስተምር፣ ትምህርቱ ከተቋሙ መሠረት ጋር በምን እንደሚገናኝ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሥነ ምግባር ኮርስ መጨመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላ መልስ ማሳየት ነው፦ የአብነት ትምህርት ቤቱ ራሱ የተሟላ አልጎሪዝም ጠብቆ አቆይቷል፤ አልጎሪዝሙም የሙያውን መሠረታዊ ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው ለማስተማር ይበቃል።

የስሌቱ ደረጃዎች

ስሌቱ በ2016 ዓ.ም. ምሳሌ እንዲህ ይዘረዘራል። በመጀመሪያ 5500 ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ይህም 7516 ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል። ከቀሪው ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 10 ይሆናል። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ምንጊዜም 30 ነው።

ቀጥሎ ቅድመ ሁኔታ ይመጣል። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ ከመጥቅዑ ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 18 ይሆናል። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 18 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ዋለ።

እነዚህ ደረጃዎች የታወቀ ግብዓት፣ የተወሰነ ቅደም ተከተል፣ ቅድመ ሁኔታና አንድ ውጤት አሏቸው። «መግደፍ» የሚባለው ተግባር በሒሳብ የቀሪ ስሌት ነው። አንድ መቀነሱም በሂደት ላይ ያለው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው። በዚህ ምክንያት ወንበር ከ0 እስከ 18 ይሄዳል፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዝርዝርን ከዜሮ ጀምረው እንደሚቆጥሩት ማለት ነው።

ከሠንጠረዥ ወደ ምክንያት

ተማሪው በቃሉ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ የዕለታት ተውሳክ ነው፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8። ላይ ላዩን ሲታይ የዘፈቀደ ይመስላል፤ በተለይ ቅዳሜ 1 ሳይሆን 8 መሆኑ እንግዳ ነው። ምክንያቱ ግን ከስሌቱ ውስጥ ይወጣል። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከጥቅምትም እስከ የካቲት አራት ባለ 30 ቀን ወሮች፣ ማለትም 120 ቀኖች አሉ። ይህ 17 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ፣ መጥቅዕ ዓርብ ከዋለ ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን ቅዳሜ ይሆናል። ሁለት ሲጨመር ሰኞ ይገኛል፤ ነነዌም የሚገባው ሁልጊዜ ሰኞ ነው።

የቅዳሜው 8 በሌላ ሕግ ይፈታል። በስሌቱ የአይሁድ ፋሲካ ከበዓለ መጥቅዕ 190 ቀን በኋላ ይውላል። 190 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ መጥቅዑ ቅዳሜ ሲሆን ፋሲካው እሑድ ይሆናል። ትንሣኤ ከፋሲካው ጋር በአንድ ቀን ስለማይውል ወደ ቀጣዩ እሑድ ይሻገራል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ በስሌቱ ፋሲካው ሚያዝያ 20 እሑድ ስለነበረ ትንሣኤ ወደ ሚያዝያ 27 አለፈ።

11 ቁጥርም 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ካለው የጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ነው። ሠንጠረዡን ብቻ ወደ ኮድ የገለበጠ ተማሪ ትክክለኛ ውጤት ያገኛል፤ አንድ ቁጥር በስሕተት ቢቀየር ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ሠንጠረዡ ቢጠፋበት እንኳ መልሶ ይሠራዋል።

ዜሮ፣ ወሰንና ፈተና

የግእዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት የለውም፤ ሊቃውንቱ «አልቦ» ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. ወንበሩ ዜሮ ስለነበረ ስሌቱ መጥቅዕንም ዜሮ ያደርገዋል። ባህሉ ይህን 30 ብሎ በመስከረም ያውለዋል። ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ግን ዜሮ ከ14 ስለሚያንስ «ጥቅምት 0» የሚባል ቀን ፈልጎ ይቆማል። «ጥቅምት 0» እና መስከረም 30 በትርጉም አንድ ቀን ቢሆኑም ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መጥቅዕ 29 ሆኖ ረቡዕ ዋለ፤ 29 እና 4 ሲደመሩ 33 ስለሚሆኑ 30ው ተገድፎ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት 3 ተሻገረ። ወሩን ማሻገር የረሳ ፕሮግራም በብዙ ዓመታት ትክክል ሆኖ በዚህ ዓመት ይሳሳታል።

መጥቅዕ በትክክል 14 ቢሆንስ? ቃል በቃል ሲነበብ ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። ነገር ግን 19ኙ ወንበሮች አንድ በአንድ ቢሰሉ 14 ፈጽሞ አይገኝም፤ ስለዚህ ሕጉ ጎዶሎ አይደለም። በተመሳሳይ መንገድ መላው ስሌት በ532 ዓመት፣ ማለትም በ19 እና በ28 ብዜት፣ ዞሮ ይመጣል፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። እንግዲህ ፕሮግራሙን በናሙና ሳይሆን በ532ቱም ዓመታት መፈተን ይቻላል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ካሉት 35 ቀኖች ውጭ ከወጣ ወይም እሑድ ካልሆነ ስሕተት አለ። አንድን ፕሮግራም በሚያጋጥሙት ሁኔታዎች ሁሉ መፈተን በሙያው እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው።

የሕጉ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ

በ2016 ዓ.ም. የሰማይዋ ጨረቃ የሞላችው በስሌቱ ከተያዘው ሚያዝያ 20 በ4 ቀን ያህል ቀድማ ነበር። ስሌቱ የቆመበት የ19 ዓመት ዑደትና የ365 ቀን ከሩብ ዓመት ከእውነተኛው እንቅስቃሴ በጥቂቱ ስለሚለዩ ልዩነቱ በየዘመኑ ተከማችቷል። ታዲያ ፕሮግራም ጸሐፊው ያርመው? አይደለም። ፕሮግራሙ የሕጉን ትእዛዝ ፈጽሟል፤ ሕጉን መለወጥ የቤተ ክርስቲያን እንጂ የባለሙያው ሥልጣን አይደለም። ፕሮግራም ለተሰጠው ሕግ ታማኝ መሆኑና ሕጉ ከዓለም ጋር መስማማቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የምርጫ ሥርዓት የሚሠራ ባለሙያም ይህን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል።

መደምደሚያ

ስሌቱን ለዩኒቨርሲቲ ማምጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ኦቶ ኖይገባወር የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና የዘመን ቆጠራ የሚመረምር መጽሐፉን በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ዶናልድ ክኑዝ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የታወቀ የፕሮግራም መጽሐፉ የትንሣኤን ቀን ማስላት ለተማሪዎች መልመጃ አድርጎ አቅርቧል። ጌታቸው ኃይሌም ባሕረ ሐሳብን የተመለከተ መጽሐፋቸውን በ1993 ዓ.ም. ያሳተሙት በሚኒሶታ በሚገኘው የቤኔዲክታውያን ተቋም፣ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልሞች ሲያጠኑ በኖሩበት ዘመን ነው።

ዛሬ የበዓላቱን ቀን የእጅ ስልክ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የአብነት ተማሪው ሕጉን በቃሉ ይዟል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው የማረጋገጫ መሣሪያውን ይዟል። ሁለቱ በአንድ ክፍል ካልተገናኙ ቀኑ በየስልኩ ይቀራል፤ ምክንያቱ ግን ከሊቃውንቱ ጋር ያልፋል። ይህን ክፍል ለመክፈት ከክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ ተቋም የለም።