ሚሳኤሉ አለ፤ ዓይኑስ?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 በቤጂንግ ቲያንአንመን አደባባይ ዪንጂ-15፣ 17፣ 19 እና 20 የተባሉ ፀረ መርከብ ሚሳኤሎች በከባድ መኪና ተጭነው በሕዝብ ፊት አለፉ። ከዚያ በፊት፣ በኤፕሪል 2022፣ ዪንጂ-21 እየተባለ የሚጠራው ሚሳኤል ታይፕ 055 ከተባለው ግዙፍ ዲስትሮየር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። ቻይና ለዓመታት ከየብስ ትተኩሰው የነበረው ፀረ መርከብ ባለስቲክ ሚሳኤል መርከብ ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

ለውጡ ቀላል አይደለም። ከየብስ የሚነሣው ዶንግፌንግ-21ዲ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ርቀቱ ግን የሚለካው አስወንጫፊው መኪና ከቆመበት ነው። መርከብ ላይ የተጫነ ሚሳኤል ክልሉን ይዞ ይጓዛል። ባሕሩን ራስ ሳይቆጣጠሩ ጠላት እንዳይጠቀምበት የማድረግ ስልት ድሮ ፈንጂና የቶርፔዶ ጀልባ ብቻ የነበረው ደካማ ወገን መላ ነበር። ዛሬ የያዘው በመርከብ ብዛት ከአሜሪካ የበለጠው ባሕር ኃይል ነው።

መሣሪያውን “የአውሮፕላን ተሸካሚ ገዳይ” የሚሉት ብዙ ናቸው። ስሙ ከሥራው ቀድሟል። በ30 ኖት የምትጓዝ መርከብ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ መርከቧን የሚያይ፣ ያየውንም በፍጥነት ለተኳሹ የሚያደርስ ያስፈልጋል፤ ሚሳኤሉም በረራው ሳያልቅ አቅጣጫውን ማረም አለበት። ሳተላይቱ፣ ድሮኑ፣ ከአድማስ ባሻገር የሚያየው ራዳር ሁሉ ለዚህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከታወረ ወይም ግንኙነቱ ከታፈነ ሚሳኤሉ ባዶ ውኃ ሊመታ ይችላል። በ2021 የወጡ የሳተላይት ፎቶዎች በታክላማካን በረሃ የአሜሪካን አውሮፕላን ተሸካሚ የሚመስል ቅርጽና በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ የመርከብ ዒላማ አሳይተዋል። ቻይናውያኑ ችግሩን በሚገባ ያውቁታል። ነገር ግን ሐዲድ ላይ ያለ ዒላማ መንገዱ የታወቀ ነው፤ የጦር መርከብ ግን ትታጠፋለች፣ ራዳር ታፍናለች፣ መልሳም ትተኩሳለች።

ፀረ መርከብ ባለስቲክ ሚሳኤል በጦርነት የተፈተነው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ያውም ከየብስ ተተኩሶ። የየመን ሁቲዎች ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ከወነጨፏቸው ሚሳኤሎች ብዙዎቹ ባሕር ላይ ወደቁ፣ ሌሎቹ አየር ላይ ተመቱ። ማርች 6 ቀን 2024 ግን ትሩ ኮንፊደንስ የተባለች የጭነት መርከብ ተመትታ በእሳት ተያያዘች። ሁለት ፊሊፒናውያንና አንድ ቬትናማዊ መርከበኞች ሞቱ። የተረፉትን ኮልካታ የተባለችው የሕንድ የጦር መርከብ በሄሊኮፕተርና በጀልባ አውጥታ ጂቡቲ አደረሰቻቸው።

ሁቲዎች አንድም የጦር መርከብ አላሰመጡም። ቢሆንም ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞርን መረጡ፤ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ክልከላው የሠራው በነጋዴው ላይ ነው። አብዛኛው የገቢ ዕቃዋ በጂቡቲ ለሚያልፈው ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ባለስቲክ ሚሳኤልን ከመርከብ የሞከሩትን ሌሎች አገሮች ባጭሩ፦ ሶቪየት ኅብረት በ1970ዎቹ ከሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሰውን አር-27ኬን ሞክራ ለሙሉ አገልግሎት ሳታበቃው ቀረች። የሕንድ ዳኑሽ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ፣ ከጥበቃ መርከብ የሚተኮስ ነው። ኢራን በፌብሩዋሪ 2024 ሻሂድ ማህዳቪ ከተባለችው መርከብ፣ ከኮንቴይነር ውስጥ፣ ባለስቲክ ሚሳኤል መተኮሷን አስታወቀች። ፓኪስታንም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 350 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የራሷን ሞከረች።

መርከብ ላይ መውጣቱ የራሱ ዕዳ አለው። አስወንጫፊዋ ራሷ የምትታይ ዒላማ ናት፤ መኪና ግን ተራራ ሥር ይደበቃል። ታይፕ 055 ያሏት 112 የማስወንጨፊያ ጉድጓዶችም ለመከላከያ ሚሳኤል ጭምር የሚካፈሉ ናቸው። ሲያልቁ እንደገና መሙላቱ በተለምዶ የወደብ ሥራ ነው። አሜሪካኖች በቀይ ባሕር ይህን በሚገባ ስላዩ በኦክቶበር 2024 ከሳንዲያጎ ዳርቻ ወጣ ብለው ቾሲን በተባለችው መርከባቸው ላይ አዲስ ክሬን ሞከሩ፤ ባሕር ላይ ሳሉ ወደ ጉድጓዱ ያወረዱት ባዶ የሚሳኤል ቀፎ ነበር።